ኤሊ መጣች፣ ቀይ የለም

እኔ መኪና አልነዳም። ይሄን ቀድሜ የምናገረው መሥሪያ ቤት ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ ነው፤ «እግረኛዋ» ይሉኛል፣ ያውም ፊት ለፊቴ። በሃያ ስድስት ዓመት የምርመራ ሥራ ወንጀል የተሠራበት ቦታ ሁሉ ወይ በእግሬ ወይ በአውቶቡስ ደርሻለሁ፣ ዘገየሽ ብሎ የተቀየመኝ ሬሳም የለም። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ «የመኪና ጉዳይ ነው፣ ሂጂ» ሲለኝ ሊሳለቅብኝ የፈለገ መስሎኝ ነበር።

ስደርስ የትራፊክ ሳጅኑ ሥራውን ጨርሶ እጁን እያራገፈ ነው። ግቢው ከመኖሪያ ቤቱ ወደ ውጭው በር ቁልቁል ያዘነብላል። ከብረቱ በር ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች፣ ፊቷ በአንድ በኩል ትንሽ ጎድጉዷል። መሬት ላይ በአንሶላ የተሸፈኑት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ሰፈሩ «አባባ መርፌ» የሚላቸው። ከመኪናቸው ወርደው በሩን ሊከፍቱ ሲሉ መኪናዋ ከኋላቸው መጥታ ከበሩ ጋር አጣብቃቸዋለች፣ ጭንቅላታቸውም የበሩን ብረት መትቷል። መጀመሪያ የደረሰችው ጓሮ ባለው ክፍል የምትኖረው ልጃቸው ናት። መኪናው ውስጥ ገብታ ወደ ኋላ መለሰቻትና ጮኸች። ጎረቤት ሲሰበሰብ ግን ነገሩ አብቅቶ ነበር።

ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሬን እንኳ ሳልከፍት ፍርዱን ሰጠኝ። ነገሩ የፍሬን ነው። አባባ መርፌ ትናንት መኪናዋን ጋራዥ አስገብተው የፍሬን ሸራ አስቀይረዋል፣ የቀየረችው መካኒክም ተይዛ ጣቢያ ገብታለች። ማስረጃ ካልኩ ደግሞ ይኸው ብሎ በመስኮቱ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና አንዱን ቁልፍ ተጫነው። ከመሪው ኋላ ያለው ዳሽቦርድ በቀይና በቢጫ መብራት ተሞላ። ከዚያ አብዛኞቹ ጠፉና አንዲት ክብ ቀይ ቀረች።

«ይቺ የፍሬን መብራት ናት» አለኝ። «መኪናዋ ራሷ መስክራለች። አለቀ።»

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ሰው ስለሞተ ያንቺ ፊርማ ያስፈልጋል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ወረቀቱንም ይዟል። አልፈርምም አልኩት። ፍሬኑን ፈትቶ የሚያየው ባለሙያ ከሳምንት በፊት እንደማይመጣ፣ ዐቃቤ ሕጉ ግን መዝገቡን ሐሙስ ጠዋት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሁለት ቀን ነበረኝ። ስለ መኪና የማውቀው ደግሞ ከሩቅ ሲመጣ ከመንገድ ዞር ማለት ብቻ ነው።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፣ ወደ አርባ የሚጠጋት፣ የአባቷን ሰፊ ኮት ደርባ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታለች። ሌላ ቀን እመጣለሁ ብያት ወጣሁ። እንዲህ ዓይነት ለቅሶ ላይ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው እኔም አልወድም።

ጣቢያ ሄጄ ያገኘኋት መካኒክ ከሠላሳ ብዙ ያልዘለለች፣ ጥፍሯ ሥር ግሪስ ያልለቀቃት ቀጭን ሴት ናት። ጋራዧን ከከፈተች ገና ዓመት አልሞላትም። የታሰረ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ መቼ እንደሚፈታ ነው። እሷ ግን አልጠየቀችም።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

እንዴት እንደማታውቀው ጠየቅኳት። የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቀች ሳለ ስልክ ተደውሎላት ነበር። አነጋግራ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ቡሎኑን መጨረሷን ታምናለች፣ እጇም ያስታውሳል፤ ግን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ መቶ ጊዜ ስታስበው መቶ ጊዜ ሌላ ሆነባት። «ሰባት ወር ሙሉ አባባ እያልኩ ነው የያዝኳቸው» አለች። «ጋራዡን ቢዘጉትም ይዝጉት። ይሄን ሳላውቅ ግን መኖር አልችልም።»

አንጀቴን በላችኝ። ግን አንጀት የበላ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፣ ይሄን በሃያ ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ። ስለዚህ ከሀ እንጀምር ብዬ የዳሽቦርድ መብራት ምን እንደሆነ እንደ ሕፃን አስተምሪኝ አልኳት።

አስተማረችኝ። ነገሩ እንደ መንገድ መብራት ነው። ቀይ ማለት አሁኑኑ ቁሚ፣ ቢጫ ማለት ሳትውዪ ሳታድሪ አስመርምሪ፣ አረንጓዴ ማለት ይሄ ነገር እየሠራ ነው። መኪና ሲነሳ ሁሉም ለሦስት ሴኮንድ አብረው ይበራሉ፤ አምፖላቸው መሥራቱን ራሳቸው እየፈተሹ ነው። የማይበራ ካለ ነው የሚያስፈራው። የሳጅኑ ክብ ቀይ መብራትስ ስላት ሳቅ አፈናት። መብራቷ ፍሬን ሲበላሽም ትበራለች፣ የእጅ ፍሬን ሲያዝም ትበራለች። የቆመች መኪና ላይ ባትበራ ነበር ጉዱ።

ከዚያ የስልኳን መልእክቶች አሳየችኝ። አባባ መርፌ አዲስ መብራት በበራ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይልኩላታል። ሰባት ወር ሙሉ፣ ሠላሳ አራት ፎቶ። የጎማ ነፋስ የቀነሰ ቀን ቢጫዋን የፈረስ ኮቴ የመሰለች መብራት ልከዋል። ትንሿ ባትሪ የደከመች ቀን ቀይዋን ባትሪ ልከዋል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ከታላቁ ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና ትንሽ ባትሪ እንዳላት ያወቅኩት ያኔ ነው። የመጨረሻው ፎቶ የማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ለአንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው። ቢጫ ኤሊ፣ ከጎኗ መኪናዋ ለመሄድ ዝግጁ መሆኗን የምትናገር አረንጓዴ መብራት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ኤሊ መጣች። ቀይ የለም። ወዳንቺ እየመጣሁ ነው።»

ኤሊ ምን ትሠራለች አልኩ። ታላቁ ባትሪ ሲያልቅ መኪናዋ ጉልበቷን ትቆጥባለች፣ ቀስ ብላ ብቻ ትሄዳለች። ታዲያ ማታ ቻርጅ ላይ ያደረ ባትሪ ጠዋት እንዴት አለቀ? መካኒኳ እሱን አታውቅም። አባባ ሁሌ ሲመሽ ይሰኩ ነበር፣ ገመዱ በጎረቤታቸው አበባ ላይ ስለሚያልፍ ግን ሰላም አልነበራቸውም።

ጎረቤት፣ ጠብ፣ ገመድ። ጆሮዬ ቆመ።

ጎረቤቱ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ገና «ገመዱ» ስል ወንበራቸው ላይ ሟሙ። አዎ፣ ነቅያለሁ አሉ። ገመዱ አበባቸውን አንቆ አድርቆባቸው ሦስት ጊዜ ተናግረው ስላልሰሟቸው ሰኞ አመሻሽ ላይ በንዴት ነቀሉት፣ ጠዋት ሊሰኩት አስበው ረሱት። ከሬሳው አጠገብ ከቆሙ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው» አሉኝ። «ሰላሳ ዓመት አብረን ኖረን በአበባ ተጣላን።»

በዚያ ሰዓት የት ነበሩ ብዬ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ዳቦ ቤት ተሰልፈው ነበር፤ ዳቦ ሻጯም ተራ ቁጥራቸውን ሳይቀር ነገረችኝ፣ ምክንያቱም ከኋላቸው ካለው ሰው ጋር ስለ ሰልፍ ሲከራከሩ ነበር። ተመልሼ ኤሊ መኪና ታዘገያለች እንጂ አታስሮጥም አልኳቸው። እሳቸው ግን ማልቀሳቸውን አልተዉም፣ እኔም ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም መዋሌ አበሳጨኝ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት የሟቹን ቤት ለማየት ሄድኩ። ልጅቷ ከፈተችልኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን ረጋ ያለ ነው፤ ጥያቄዬን ሁሉ ሳትቸኩል መለሰች። ሰኞ ማታ አባቷ እራት በልተው በጊዜ ተኙ። ማክሰኞ ጠዋት ኳ የሚል ሰማች፣ ወጣች፣ አየች፣ መኪናዋን ወደ ኋላ መለሰች። ሌላ የምታውቀው የለም። «ፍሬን ነው አሉ አይደል?» ብላ እሷ ጠየቀችኝ፣ ያንንም ሁለት ጊዜ።

የአባባ መርፌ የሥራ ክፍል እንደ መድኃኒት ቤት የተደረደረ ነው። ክሮቹ በየቀለማቸው፣ ቁልፎቹ በየጠርሙሳቸው፣ መቀሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ። እንዲህ ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ውዳቂ አይተውም። ጠረጴዛው ላይ ግን ከመብራቱ ሥር እንደ ቅንድብ ጸጉር ያጠሩ የቀይ ክር ቁርጥራጮች ተበትነዋል። ሳይጠርጉት የተኙት ወይ ደክሟቸው ወይ ደስ ብሏቸው ነው ብዬ አሰብኩ። በፖስታ ሰበሰብኳቸው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያኔ ነው ያየሁት። ክንድ የሚያክል ነጭ ጨርቅ ላይ የመኪናዋን መብራቶች በሙሉ ጠልፈዋቸዋል። ቀዩ በቀይ ክር፣ ቢጫው በቢጫ፣ አረንጓዴው በአረንጓዴ። ኤሊዋ ራሷ ተቀምጣለች፣ ያውም ዓይን ሠርተውላታል። ከእያንዳንዱ ሥር በትንንሽ ፊደል ምን ማለት እንደሆነ ተጽፏል። እንዴት ያለ ሰው ነው አልኩ፤ ሳላውቃቸው በመሞታቸው ተቆጨሁ።

ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለት ቦታ ባዶ ነው። አንደኛው በቀዩ ረድፍ መጨረሻ ላይ ነው፤ መርፌ የወጋቸው ቀዳዳዎች አሉ ግን ከመታጠብ ብዛት ተደፍነዋል። ሁለተኛው በቀዩ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ነው፤ እዚያ ቀዳዳዎቹ ገና አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው። ከሥሩ ተጽፎ የነበረውም አብሮ ተተርትሯል።

«ይሄ ምን ነበር?» አልኳት።

ልጅቷ ጨርቁን ሳይሆን እኔን አየች። «አላውቅም። ያረጀ ነገር ነው፣ እሱ ሁሌ ይሰፋል፣ ይተረትራል» አለች። ጨርቁን እንድወስደው ግን ሳትወድ ነው የለቀቀችልኝ።

ጣቢያ ስመለስ ጨርቁን መካኒኳ ፊት ዘረጋሁት። መጀመሪያ በእጇ ዳሰሰችው፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ባዶዎቹን አሳየኋት። የተደፈነውን ወዲያው ለየችው፤ ዘይት ማንቆርቆሪያ የመሰለችው የሞተር ዘይት መብራት ነበረች። አባባ መጀመሪያ የጠለፉት የድሮዋን የቤንዚን መኪናቸውን መብራቶች ነው። የኤሌክትሪኳን ሲገዙ የሞተር ዘይት የሚባል ነገር እንደሌላት ነገረቻቸው፣ እሳቸውም የዚያኑ ቀን ቁጭ ብለው ተረተሩት። የማይበራ መብራት ጨርቅ ላይ ቦታ አይይዝም ይሉ ነበር። ሕግ ነበር ለሳቸው።

«ይሄኛውስ?»

ጣቷን በትኩሶቹ ቀዳዳዎች ላይ አዞረች። ክብ ራስ፣ የተቀመጠ ሰው፣ ደረቱን አቋርጦ የሚወርድ መስመር። «የቀበቶዋ ናት» አለች። «ቀበቶ ሳያደርጉ ሲነዱ የምትበራዋ ቀይ ሰውዬ። እንዴት ይተረትሯታል? እሷ ሁሌ ነው የምትበራው።»

ሁሌ የምትበራበትን ምክንያት ነገረችኝ። አባባ መርፌ ትከሻቸው ታሟል፣ ቀበቶ ስበው ማሰር ያቅታቸዋል። መብራቷም ትበራለች፣ ድምፅዋም ቲን ቲን እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። አንዳንድ ሾፌሮች ጭቅጭቁን ለማስቆም ቀበቶ የሌላትን የቀበቶ ብረት ማሰሪያው ውስጥ ይሰካሉ፤ መኪናዋ ሰውየው የታሰረ ይመስላታል፣ ዝም ትላለች። አባባም ይቺን ብረት ስጪኝ ብለው ሦስት ጊዜ ለምነዋታል። እምቢ አለቻቸው፣ ይልቁንም የታመመ ትከሻቸውን ሳይዘረጉ ቀበቶውን የሚስቡበት ጥብጣብ አሰረችላቸው። ጥብጣቡን አልወደዱትም። ልብስ ሰፊ በሌላ ሰው ስፌት አይደሰትም አለች።

ስልኳን አወጣሁ። ሠላሳ አራቱን ፎቶ ከመጀመሪያው ጀምሬ ገለጥኩ። በሠላሳ ሦስቱ ላይ፣ ሌላ መብራት ምንም ይሁን ምን፣ ከጥግ ያቺ ቀይ ሰውዬ ተቀምጣለች። በመጨረሻው ላይ የለችም። በፎቶው ጠርዝ ደግሞ የቀበቶው ጫፍ ይታያል፤ ከነጥብጣቡ በሩ ጋር ተንጠልጥሏል፣ አልታሰረም።

«ቀይ የለም» ብዬ አነበብኩ። እኔ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ስለ ፍሬን የተናገሩ መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሷኑ ነው። ጋራዥ ያላት እሷ፣ መኪናዋ በዋዜማው የዋለችበት እጅ የእሷ። ብረቷን የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ አልኳት፣ ፊቷን እያየሁ።

«ብሰጣቸው ኖሮ ለእኔ ‹ቀይ የለም› ብለው ይጽፉልኛል?» አለች። «እምቢ ላልኳቸው ለእኔ እየፎከሩብኝ እኮ ነው። ከሌላ ሰው አገኘሁ እያሉኝ ነው።»

ልክ ናት። የሚያውቀውን ሰው ማንም አያበስርም። ገና ምን ልላት ሳስብ የሷ ፊት ተለወጠ፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምን ሆንሽ ብላት መኪናዋን ማየት አለብኝ ብቻ አለች። ደጋግማ እንዲያው መኪናዋን ያሳዩኝ ትላለች።

መኪናዋ የጣቢያው ግቢ ውስጥ ነበረች። ትንሽ ቻርጅ አደረግናት። አሁን የሚያስፈልገን አንዲት የቀበቶ ብረት ነው፣ እሷን ደግሞ ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ መካኒኳ በጣቢያው በር ተሳፋሪ ወደሚጠብቀው ባለታክሲ ጠቆመችኝ። ይሄን ሰው ሁላችንም ችኮላ እንለዋለን። የፖሊስ ጣቢያ በር ላይ፣ ሳጅኑ በየቀኑ በሚያልፍበት መንገድ፣ ማሰሪያው ውስጥ ብረቷን ሰክቶ ይውላል። መልሰሽ አምጪልኝ ብሎ አስምሎ ሰጠኝ።

ሳጅኑ ጡብ ላይ ተቀምጦ ይመለከተናል። መካኒኳ የአሮጌ ጎማ ቁልል ከፊቷ አድርጋ መሪ ጨበጠች። መጀመሪያ እየነዳች ሁለት ጊዜ ፍሬን ያዘች፤ መኪናዋ ሁለቱንም ጊዜ ቀጥ አለች። ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠራረገ።

ከዚያ ቀበቶ ሳታስር፣ ማርሹን መሄጃው ላይ እንደተወችው፣ አቁማ በሩን ከፍታ ወረደች። መኪናዋ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳሽቦርዱ ላይ የመቆሚያዋ ምልክት በራ። ንቅንቅ አላለችም። ሁሉም መኪና እንዲህ አያደርግም፣ ይቺ ግን ሾፌሯ ቀበቶ ሳያስር በር ከከፈተ ወርዷል ብላ ራሷን ታስራለች። አባባ መርፌ ሰባት ወር ሙሉ በሩን የከፈቱት በዚህ ተማምነው ነው፤ ማርሽ መመለስ፣ የእጅ ፍሬን መያዝ ትተዋል።

በሦስተኛው ብረቷን ሰካቻት። ቀይዋ ሰውዬ ጠፋች፣ ጭቅጭቁም ቆመ። ያው እንደበፊቱ አቁማ በሩን ከፍታ ወረደች። ቀጭ የሚል የለም። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም፣ እኔም እንግዲህ ምንድነው ልላት አፌን ስከፍት መካኒኳ እጇን አነሳችብኝ። ፍሬን ሲለቀቅ ለጥቂት ሴኮንድ ራሷ ይዛ ትቆያለች። በልቤ ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ለቀቀች።

ድምፅ የላትም። እኔ ከጎኗ እየተራመድኩ የራሴን ጫማ እሰማለሁ እንጂ እሷን አልሰማም። በእግር እርምጃ ሄዳ የጎማውን ቁልል ነካችው፣ ገፋችው፣ መግፋቷንም አላቆመችም። ጀርባቸውን ሰጥተው መቀርቀሪያ የሚስቡ አንድ ሽማግሌ ታዩኝ። መካኒኳ ሮጣ ገብታ አቆመቻት። ሳጅኑ ከጡቡ ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እኔም አልነካካሁትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሳጅኑ ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋን ሲረከብ የመዘገበውን ዕቃ ሁሉ አየሁ፦ መነጽር፣ ጃንጥላ፣ ሁለት ከረሜላ። ብረት የለም። አባባ መርፌ ተጣብቀው ሳለ ብረቷ ራሷን ነቅላ አልሄደችም። ከሳቸው በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ደግሞ አንድ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለስኩ። ልጅቷ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ ነበር። ፖስታውን አወጣሁና የቀይ ክሩን ቁርጥራጭ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ጨርቁን ከጎኑ ዘረጋሁ። ልጅቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አየች። ከዚያ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች፣ ከቁልፎቹ ሥር እጇን ሰዳ አንዲት የምታብረቀርቅ ብረት አወጣች።

«እማዬ ከሞተች ወዲህ አባዬ ላይ የሚጮህ ያ መብራት ብቻ ነበር» አለች። «ትከሻውን ይዞ ‹ልጄ፣ ዝም አሰኚልኝ› ይለኛል። ትምህርት ቤት ካለው ሾፌር ተቀበልኩለት። ሰኞ ማታ ሰካነው። ዝም ስትል እንዴት እንደሳቀ። ‹አረፍኩ› አለኝ። ሳይተኛ ቁጭ ብሎ ያቺን ቀይ ክር ተረተራት።»

መኪናዋን ልትመልስ ስትገባ ብረቷን አየቻት። እጇ ራሱ ነቀላት፣ ኪሷ ከተተቻት፤ ለምን እንደሆነ አሁንም አታውቅም። ገና ምኑም ሳይገባት ሳጅኑ መጥቶ ፍሬን ነው አለ።

«ፍሬን ከሆነ እኔ አይደለሁም ማለት ነው አልኩ» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ ፍሬን ይሁን እያልኩ እግዜርን ስለምን ነበር። ያቺ ሴት እንደታሰረች አውቃለሁ። አውቄ ነው የጸለይኩት።»

የአባቷን የመጨረሻ መልእክት አሳየኋት። ማሳየት አልነበረብኝም ይሆናል። ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ።

«እየተደሰተ ነው የጻፈው?»

«አዎ» አልኳት። «እየተደሰቱ ነው።»

ኮቱን እንደደረበች ተነስታ ተከተለችኝ። በአውቶቡስ ነው የሄድነው። እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

መካኒኳ የጣቢያው ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። ጥያቄዋን መለስኩላት። «አልገደልሽም» አልኳት። «የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቀሽዋል። ነፃ ነሽ፣ ወደ ጋራዥሽ ሂጂ።» እልል ባትል እንኳ እፎይ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተነሳችም። ከኋላዬ የቆመችውን ልጅ አየች፣ እጇን አየች፣ የአባባን ኮት አወቀችው።

ልጅቷ በሹክሹክታ ይቅርታ ጠየቀቻት።

«የመጀመሪያ ቀን መኪናዋን ይዘው ሲመጡ ፈርተው ነበር» አለች መካኒኳ፣ ለሁለታችንም። «‹ልጄ፣ እኔ ዝንጉ ሽማግሌ ነኝ፣ የእጅ ፍሬን እረሳለሁ› አሉኝ። እኔ ነኝ ‹አባባ፣ ምንም አያስቡ፣ እርስዎ ሲወርዱ ራሷ ትቆማለች› ያልኳቸው።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ትንሽ ጠጋ አለችላት። ልጅቷ ተቀመጠች። አንዷ ለአባባ መርፌ መተማመኛ ሰጠቻቸው፣ ሌላዋ ዝምታ ሰጠቻቸው፣ ሁለቱም ስለወደዷቸው ነው ያደረጉት። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ስለመደበቅ የሚለውን ይላል፣ እሱ የሱ ሥራ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሲያለቅሱ ቃል መቀበያውን ወረቀት በእጄ ይዤ፣ ትንሽ ይቆይ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በሩ ላይ ችኮላ ጠበቀኝ። ብረቷን ስጪኝ አለ። ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ የሟቹ ደግሞ በፖስታ ታሽጋ ቦርሳዬ ውስጥ። አልሰጠውም አልኩ። ምለሽልኝ ነበር እኮ አለኝ። አዎ ምያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ አልኩት፣ በሩን ከፍቼ የታክሲው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀበቶዬን አሰርኩ። በሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

እያጉረመረመ ሞተሩን አስነሳ። መብራቶቹ ሁሉ አብረው በሩ፣ ሦስት ሴኮንድ ቆይተው ጠፉ። ቀይዋ ሰውዬ ብቻ ቀረች፣ ቲን ቲንም ጀመረች።

«ይኸው!» አለ። «አሁን ቀኑን ሙሉ ስትጮህብኝ ልትውል ነው።»

«ትጩህብህ» አልኩት።